ወደ ኋላ መመለስ ያልተፈቀደበት ክረምት

ሌላው ሰው ቅቤ ሲሸተው ክትፎ ያምረዋል። እኔን ጌም ያምረኛል። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ብዙ ናቸው፤ ይሳቁ። በቅርቡ ቡታጅራ ሄጄ የአያቴን ጓዳ ሳጸዳ፣ ከመደርደሪያው ሥር አንድ የቅቤ ቅል አገኘሁ። ክዳኑን ብከፍተው ባዶ ነው። ሽታው ግን ከነነፍሱ እዚያው ተቀምጧል። መጥረጊያዬን ጥዬ መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። አውራ ጣቶቼ ሳላዛቸው መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ የግራው ወደ ፊት፣ የቀኙ ዝላይ።

የዚያን ክረምት አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ታደለ የሚባል ጎረምሳ በእናቱ ግቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ጌም ያጫውታል። መስኮቷን ብርሃን እንዳያስገባ በማዳበሪያ ጆንያ ሸፍኖታል፤ በሩ ከተዘጋ ቀኑም ሌሊት ነው። ቴሌቪዥኑ ሲሞቅ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። እዚያ ላይ የእኛ ራስ ይጨመርበታል። እናቶቻችን ፀጉራችንን ቅቤ ለቅልቀው ነው የሚለቁን፤ ክፍሉ ሲሞቅ ቅቤው ቀልጦ ወደ ግንባራችን፣ ከግንባራችን ወደ እጃችን፣ ከእጃችን ወደ ጆይስቲኩ ይወርዳል። ታደለ በር ላይ ቆሞ «እጅ!» ይላል። እንዘረጋለን። ቅቤ የተገኘበት ልጅ ውጭ ካለው በርሜል ታጥቦ ይመለሳል። ታጥቦም ይሸታል።

ያኔ የነበረው አንድ የጌም ካሴት ብቻ ነው። እሱም አርጅቶ፣ አልነሳ ሲል ታደለ ያወጣውና ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ፣ እፍ ይልበታል። ከዚያ ይነሳል። ይህ ለእኔ ምንም አላስገረመኝም። እኛ ቤት ልጅ ሲታመም ሼኹ ይመጡና ቁርአን ቀርተውበት እፍ ይሉበታል፤ ልጁም ይነሳል። ታደለም ቀርቶ እፍ የሚል መሰለኝ። የከንፈሩ አለመንቀሳቀስ ትንሽ አሳስቦኝ ነበር፤ በኋላ ግን ክርስቲያኖች የሚቀሩት በሆዳቸው ነው ብዬ ነገሩን ቋጨሁት።

አንድ ዝናባማ ጠዋት ታደለ በሩ ላይ በጠመኔ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አዲስ ጌም! ለመስቀል ይገባል! ልበ ደካማ አይምጣ!» ታናሽ ወንድሜ ከድር፣ ጎረቤታችን ማርታና እኔ ዝናቡን ሳንጠብቅ በሩ ሥር ተሰበሰብን። አብሮን ብሩክም ነበር። ብሩክ ለክረምት ከቆሼ፣ ከበርበሬ አገር፣ አክስቱ እትዬ አስካለ ዘንድ የመጣ ቀጭን ልጅ ነው። ከዚያ በፊት ጌም አይቶ አያውቅም፤ ሲያይ አፉን መዝጋት ይረሳል።

«ወንድሜ ከመርካቶ ደውሎ ነው» አለ ታደለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። መርካቶ የሚነግደው ታላቅ ወንድሙ እንደማንኛውም የጉራጌ ነጋዴ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነው አገሩ የሚገባው። «አንድ ልጅ አለ፤ ይሮጣል፣ ይዘላል። መሬቱ ከኋላው እየፈረሰ ይከተለዋል። ወደ ኋላ መመለስ የለም! በመጨረሻ አንድ ገደል አለ። የመርካቶ ልጅ በሙሉ እዚያ ገደል ላይ ነው ያለቀው።»

እኔ በዚያ ምሽት እንቅልፍ አጣሁ። መርካቶ ውስጥ ገደል አለ፣ ልጆችም እየገቡ እያለቁ ነው ብዬ ተረዳሁት። እዚያ ሱቅ ያለው አጎቴ ልጆች ስላሉት ጠዋት አያቴን «የአጎቴ ልጆች ደህና ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋት። አያቴን እናና ነው የምንላት። እናና ደህንነታቸውን በሰባት ዱዓ አረጋግጣልኝ፣ እኔን ደግሞ ወባ ይዟት እንዳይሆን ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልምምድ ጀመርን። የቡታጅራ ክረምት ጭቃ ለዝላይ የተፈጠረ ነው። ከድንጋይ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ሳር፣ ከሳር የሰው ደጃፍ። ጭቃ የነካ ሞተ። ወደ ኋላ የዞረም ሞተ፤ ሕጉን ያወጣችው ማርታ ናት፣ ማርታ ደግሞ በሕግ ቀልድ አታውቅም። አንድ ቀን እናና ወጥ ጥዳ ከድርንና እኔን ጨው እንድናመጣ ወደ ሱቅ ላከችን። ሱቁ ቅርብ ነው፤ እየዘለልን ደረስን፣ ጨዋችንን ያዝን። ልንመለስ ስንል ተያየን።

«ወደ ኋላ የለም» አለ ከድር።

እውነቱን ነው። ስለዚህ ወደ ፊት ቀጠልን። በገበያው አድርገን፣ መናኸሪያውን ዞረን፣ በመስጊዱ በኩል ከተማዋን ስንከባት፣ ዝናቡ ሁለት ጊዜ ጥሎ ሁለት ጊዜ አባራ። ቤት ስንደርስ ጨው የሌለበት ወጥ ተበልቶ አልቋል። እናና በር ላይ ቆማለች።

«ጨዉን አፋር ወርዳችሁ ነው የቆፈራችሁት?» አለች።

«ሱቁ ቅርብ ነበር እናና፤ ቤት ነው የራቀን» አላት ከድር። በዚህ መልሱ የመጣውን ኩርኩም እኔም ተካፈልኩት።

እናና የሰፈሩ የውጆ ዳኛ ነበረች። ውጆ የሴቶች የቅቤ ማኅበር ነው። አንዲት ሴት ከአንድ ላሟ የምታገኘው ቅቤ ለበዓል አይበቃትም፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ልክ ሰፍረው፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ለአንዷ ያመጡላታል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሌላዋ። ተረኛዋ በአንድ ቀን የቅቤ ጌታ ትሆናለች። በእናና ውጆ ሙስሊምም ክርስቲያንም ነበሩ፤ መስቀል የሚያከብሩት ከመስቀል በፊት፣ እኛ ደግሞ ለአረፋ እንዲደርሰን አድርጋ ተራውን ታደላድላለች። የብሩክ አክስት እትዬ አስካለም የዚሁ ውጆ ሴት ናት።

የኛ የልጆቹ ችግር የሴቶቹ ችግር ነበር። በሳምንት የምናገኛት ሳንቲም ለእያንዳንዳችን ሦስት ሕይወት ብቻ ትገዛለች፤ ሦስት ሕይወት ደግሞ ጣት ሳይፍታታ ያልቃል። አንድ ቀን ኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ለእናና ሳቀብል ነገሩ በራልኝ።

«ለምን እኛም ውጆ አንገባም?» አልኳቸው።

አራታችንም እናና ፊት ቀረብን። ውጆ ያለ ዳኛ አይሆንማ።

«ምንድን ነው የምትሰጣጡት?» አለች።

«ሕይወታችንን» አለ ከድር፣ ደረቱን ነፍቶ።

«አስተግፊሩላህ! ሁለተኛ ከአፍህ እንዳይወጣ!»

«አይዞሽ እናና» አልኩ እኔ ነገሩን ላበርድ ብዬ፣ «ብንሞትም እንደገና እንነሳለን። እኔ ቅዳሜ ሦስቴ ሞቼ ነበር።»

እናና ከመቀመጫዋ ተነስታ ሄዳ ተመለሰች። ማርታ ናት ያዳነችን፤ «የመጫወቻ ተራችንን ነው፣ እማማ ራህመት፤ የሁላችንንም ተራ በየጊዜው ለአንዳችን» ብላ እንደ ትልቅ ሰው አስረዳቻት።

«እንዲያ አትሉም!» አለች እናና፣ ተመልሳ እየተቀመጠች። ከዚያ ቅቤ ለሚያዋጡት ሴቶች የምትናገረውን አንዱንም ሳታጎድል ነገረችን። ልኩ አይጎድልም። ተራ አይሸጥም። «ደግሞ ስሙኝ፣ ሰጥቶ ሳይቀበል የሚሄድ ሰው እንዳይኖር። ውጆ የሚፈርሰው ላም ስትነጥፍ አይደለም፤ በዚያ ነው።»

ዕጣውን በኮባ ቁራጭ አወጣን። ማርታ አንደኛ፣ ከድር ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ፣ ብሩክ መጨረሻ። ማርታ ቀኑን በጣቷ ቆጠረችና ጮኸች፤ የእኔ ተራ የሚውለው በመስቀል ማግስት ነው። አዲሱ ካሴት የሚከፈት ቀን! በቡታጅራ ምድር ያንን ጌም መጀመሪያ የምነካው እኔ ነኝ። ደስታዬ ልክ አጣ። ለማንም ሳልናገር ታደለ ቤት ደጃፍ ሄጄ በጠመኔ የተጻፈውን ዳሰስኩት።

የማርታ ተራ ሲደርስ የአራታችንን ሕይወት ይዛ ገባች። አሮጌው ጌም ላይ ማንም ካልደረሰበት ደረሰች። እኛ ከኋላዋ ተደራርበን «ዝለይ! አጎንብሺ!» እያልን ስንጮህ ታደለ ጣሪያው እንዳይነሳ ፈራ። ከድር በተራው ሕይወቱን ሁሉ በአንድ ድልድይ ላይ ጨርሶ ወጣ፤ አንዴም አላዘነም፣ «ድልድዩን በደንብ ለምጄዋለሁ» አለ። ብሩክ በሁለቱም ቀን ሳንቲሙን ሰጥቶ፣ ከኋላ ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ አየ።

መስቀል ሳምንት ሲቀረው የብሩክ አባት ከቆሼ መልእክት ላኩ። ብሩክ ቡታጅራ ሊማር ነበር የታሰበው። አሁን ግን በርበሬው ሊደርስ ነው፣ እጅ አንሷል፣ ትምህርቱንም እዚያው ይማራል፤ ስለዚህ በዓሉን አክብሮ በሦስተኛው ቀን ይምጣ ተባለ። ተራው ሳይደርስ ማለት ነው።

ብሩክ በእኛ ደጅ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጭቃውን በእንጨት እየጫረ፣ «ስትጨርሱት መልእክት ላኩልኝ» አለ። «ከገደሉ ማዶ ምን እንዳለ።»

ይህን ባይል ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ማታ ጆሮዬ ላይ ተለጠፈብኝ። እናና ዘንድ ሄድኩ፤ የሄድኩትም እንድትከለክለኝ ነው።

«እናና፣ ተራ አይሸጥም ብለሽን የለ?»

«አይሸጥም።»

«አይሰጥምስ?»

ቅቤዋን አገላበጠች። «አይሰጥም አላልኩም» አለች።

«ስጪው እያልሽኝ ነው?»

«ተራው ያንቺ ነው የኔ ልጅ። እኔ ዳኛ ነኝ። ዳኛ ከሰው እጅ አይነጥቅም።»

ተናደድኩባት። ስጪው ብላ ብታዘኝ ሰጥቼ አኮርፋታለሁ፤ አትስጪ ብትለኝ ደግሞ እገላገላለሁ። ሁለቱንም ነፈገችኝ። ከጓሮ እንሰቱ መሃል ገብቼ አለቀስኩ። የልግስና ለቅሶ አልነበረም፣ የቁጭት ነው፤ ብሩክን፣ ቆሼን፣ በርበሬን ጭምር ረገምኩ። ሲወጣልኝ ፊቴን በኮባ ቅጠል ላይ በተጠራቀመው የዝናብ ውሃ ታጠብኩና ወደ እትዬ አስካለ ቤት ሄድኩ።

«የመስቀል ማግስት ያንተ ነው» አልኩት።

«ያንቺስ?»

«ውጆ ነው። ዝም ብለህ ተቀበል።»

አልተቀበልም ቢለኝ ብዬ አንድ አፍታ ጠበቅኩ፤ አልዋሽም። እሱ ግን ፈገግ ሲል፣ ያን ፈገግታ ሳየው፣ የሆዴ ቁጭት እንደ ቅቤ ቀለጠ።

ደመራው ተለኮሰ፣ መስቀል ገባ። መናኸሪያው ከአዲስ አበባ በሚገቡ መኪኖች ታጨቀ፤ በየመኪናው ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ለአዛውንት የተገዛ ጋቢ። የታደለ ወንድም ሲወርድ ማንም ዘመዱ ሳይስመው እኛ ከበብነው። ከጃኬቱ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ቢጫ ካሴት! ታደለ «እጅ!» አለ። ዘረጋን። ሁላችንም በአንድ ጣት እንድንነካው ተፈቀደልን።

በበዓሉ ቀን እነ ማርታ ቤት ተጠራን። ሥጋውን እንደማንበላ ስለሚያውቁ ለእኛ ለብቻው ቆጮ፣ ጎመንና አይቤ ቀረበ፤ ቅቤው ከላይ ይፈስሳል። ማርታ ክትፎዋን ትታ ከእኛ ትሪ ትበላ ነበር። በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር፤ ለበዓሉ ግን ሳይጠፋ ዋለ አደረ። እኛም የሚጠፋ መሆኑን ጨርሰን ረሳነው።

በማግስቱ ከሰዓት የታደለ ክፍል እግር የሚያሳርፍ ቦታ አልነበራትም። ብሩክ ከፊት፣ ጆይስቲኩን እንደ እንቁላል ይዞ ተቀምጧል። እኔ ከጎኑ። ታደለ ቢጫውን ካሴት ሰካው። ቴሌቪዥኑ ግራጫ ሆነ። አወጣው፣ እፍ አለበት፣ ሰካው። ግራጫ። እንደገና። ግራጫ። ወንድሙ ላብ በላብ ሆነ። ማርታ በሰው እግር ሥር ሾልካ ወጥታ ቤቷ ሮጠችና በፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል ይዛ ከች አለች።

«ኧረ በእመብርሃን! ውሃና መብራት!» ብሎ ታደለ ጠርሙሱን ነጠቃት።

የብሩክን ፊት አየሁት። ነገ ይሄዳል። ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም።

«አምጣው» አልኩት ታደለን። ለምን እንደሰጠኝ እሱም አያውቅም። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ሼኹ እንደሚያደርጉት፣ ፋቲሃን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዝግታ ቀራሁ፤ ከዚያ ጉንጬን ነፍቼ እፍ አልኩበት።

ሰካው። ሰማያዊ ሰማይ መጣ። ዘፈን መጣ። አረንጓዴ ካልሲ ያደረገ ትንሽ ልጅ ሜዳው ላይ ቆሟል።

ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። ታደለ ብቻ ፈዞ እኔን ያያል። «ምን አልሽበት?» አለኝ።

«አንተ የምትለውን ነዋ።»

«እኔ? እኔ እኮ ምንም አልልም፤ አቧራውን ነው የማራግፈው!»

በጣም አዘንኩለት። ይህን ሁሉ ጊዜ ባዶ እፍታ!

ብሩክ ጀመረ። የመጀመሪያዋን ሕይወት አንድ እርምጃ ሳይሄድ መሬቱ ዋጣት። ሁለተኛዋንም። ከዚያ ጣቱ ፈታ አለ። መሬቱ ከኋላው እየተናደ፣ ልጁ ከድንጋይ ድንጋይ፣ ከድንጋይ ሳር ሲዘል፣ የሰፈራችንን ጭቃ የሚሻገር ብሩክን ራሱን መሰለኝ። ይሞታል፣ ይነሳል፣ ትንሽ አለፍ ይላል። ማርታ «ወደ ኋላ የለም!» እያለች ታዜማለች። አዋጥተን የሰጠነው ሁሉ እያለቀ እያለቀ ሄዶ፣ ገደሉ ጋ ደረሰ። ሰፊ ነው። ማዶው አይታይም። ብሩክ ዘለለ፣ ወደቀ። አንዲት ሕይወት ቀረች።

ብሩክ ልጁን እንደገና ከመነሻው አስነስቶ እስከ ገደሉ አፋፍ አቅራቢያ አደረሰውና፣ በአንዲት ደህና ድንጋይ ላይ አቆመው። ዞር ብሎ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አስቀመጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«ውጆ ነው» አለ። «ዝም ብለሽ ተቀበይ።»

ድንጋይዋ መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ለመከራከር ጊዜ የለም። እጄ የማርታን ቤት ቅቤ እንደሸተተ ነው። ሮጥኩ።  በመጨረሻዋ ሳር ጫፍ ላይ የዝላዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ልጁ ተነሳ፣ እግሩን ከፈተ፣ ሰማዩ ላይ ተንሳፈፈ፣ ከማዶ አንዲት አረንጓዴ ጫፍ ብቅ አለች፤ መብራት ሄደ።

በቴሌቪዥኑ መሃል አንዲት ነጭ ነጥብ ቀረች። እሷም ጠፋች።

ጨለማው ውስጥ ቀድሞ የሳቀው ብሩክ ነው። ከዚያ ሁላችንም፤ በሆዳችን፣ በወለሉ ላይ ተንከባለልን። «ተሻግሯል!» «የት አባቱ፣ ወድቋል!» ታደለ ጆንያውን ከመስኮቱ ላይ ገለጠና፣ ወንድሙን አማክሮ፣ «አልታየም» ብሎ ፈረደ። ማንም ፍርዱን አልተቀበለም። ክርክሩ መንገድ ወጣ፣ ሰፈር አዳረሰ።

እናናን ጠየቅኋት።

«ሲወድቅ አይተሻል?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«እንግዲያ አላህ ያላሳየሽን አትጨምሪ። አልወደቀም።»

በማግስቱ ጠዋት ብሩክን ልንሸኝ መናኸሪያ ወረድን። እትዬ አስካለ ለእናቱ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ አስያዘችው። ሚኒባሱ ተንቀሳቅሶ ከወጣ በኋላ በመስኮት አንገቱ ብቅ አለ።

«ሰዓዳ!» ብሎ ጠራኝ፣ ድፍን መናኸሪያ እስኪሰማው። «ደርሷል! ልጁ ደርሷል!»

ተከትዬው ሮጥኩ፤ ኩሬውን ዘለልኩ፣ ድንጋዩን ዘለልኩ፣ ከድርና ማርታ ከኋላዬ። ሚኒባሱ በቆሼ መንገድ እስኪጠፋ ድረስ ሮጥን። ጭቃ አልነካንም። ከዚያ ትንፋሻችን ተቆርጦ ቆምን። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፣ ግን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

«ነይ እንመለስ» አለችኝ ማርታ፣ ሕጉን ያወጣችው ራሷ።

«መመለስ የለም» አልኳት።

በገበያው አድርገን፣ በመስጊዱ በኩል፣ ከተማዋን በሙሉ ዞረን ቤት ስንደርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። እናና በር ላይ ቆማለች።

«ዛሬ ደግሞ ጨው ያዘዛችሁ ማን ነው?» አለችን።